መራጊዋ

ከካቬሪ ቦይ ዳር ጭቃ ቆንጥራ፣
በመስኮቱ ፍርግርግ ሾልካ በርራ፣
ወገበ ክር ተርብ መጣች ወደ ቤቴ፤
መጥረጊያውን ሳነሣ ጮኸች አማቴ።

«ተይ! እንዳትነኪያት! ምራቴ፣ አደራ!
ይህቺ ተርብ አትመጣም ያለ አንዳች ሥራ።
እሷ የመረገችው ቤት፣ ዓመቱ ሳይዞር፣
አይቀርም አራስ ልጅ ሌሊት ሳያስቸግር።»

ቀይ አፈር ከሆነ ወንድ ነው ይሉታል፤
ጥቁሩን ለሴት ልጅ ያስቀምጡታል።
የእኔዋ ያመጣችው ግን ግራጫ ነበር፤
ስለ ግራጫ ጭቃ ማንም የለው ነገር።

አራት ዓመት ሆነኝ ካገባኝ ኢላንጎ፤
በየሳምንቱ አለ በሆዴ ላይ ሸንጎ።
ጎረቤት ፖንማላር ወገቤን በዓይኗ ትለካለች፤
የወተት ሻጩ ሚስት «ወፍረሻል» ትላለች።
ተርቧን ሊያዩ መጡ፣ ጫማ አውልቀው በደጅ፤
እኔን ማንም አላየኝ፣ ግድግዳውን እንጅ።

እሷ ግን መች ሰማች የሰውን ሹክሹክታ!
ትመርጋለች ጧት፣ ትመርጋለች ማታ፤
አፏ ላይ እንክብል፣ ምስር የሚያህል፣
ስትለጥፍ ትጮኻለች የባሌን መሰርሰሪያ ይመስል።
አንደኛውን ሠራች ከስፌት መኪናዬ ሥር፣
ሁለተኛውን ከቁልፉ ቀዳዳ፣ ከበር።
ሦስተኛውን ስትጀምር ከሶኬቱ አፍ ላይ፣
አማቴ ቆጣ አለች፦ «መብራት ከልጅ ይበልጣል? ዝም በይ!»
ማራገቢያው ቆመ። ሙቀቱ ገደለን።
በጨለማ ተቀምጠን ሩዝ እየበላን፣
ኢላንጎ ሳቀ፦ «ልጁ ሳይወለድ ቤቱን ወረሰን።»

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ኢላንጎ ኩምባኮናም፣
አማቴ ቤተ መቅደስ፣ እኔ ብቻዬን እንደ ሁልጊዜም፣
በመቀስ ጫፍ ከፈትኩ የመኪናዬን ሥር፤
ሸረሪቶች ወደቁ፣ ዘጠኝ ወይ አሥር፣
አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ አንዷ ዝንጉርጉር።
ሙት መስለውኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ፣
የአንዷ እግር ተነቃነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ።
አልሞቱም። አልዳኑም። ታሽገው በጭቃ
ይጠብቃሉ ያ እንቁላል እስኪነቃ።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ መቀሱን ጣልኩና፤
ይህን ክፍል አውቀዋለሁ፣ ኖሬበታለሁና።

ተነሣሁ፤ ካሁን ወዲያ እጄን የሚይዝ የለም፤
የቁልፉን ቀዳዳ ፈቀፈቅሁ፤ ደግሞም
የባሌን አባት ፎቶ፣ የአበባ ጉንጉን
ያለበትን፣ አወረድኩ፣ ፍለጋ ሌላውን።

ነበር።
አሮጌ ጎጆ ነው፣ አቧራ የጠጣ፣
ቀይ፣ እቦዩ ዳር የሌለ፣ ከሩቅ አፈር የመጣ።
ሰበርኩት ጫፉን፤ ድፍን ነው ውስጡ፤
ሸረሪት የለበትም ቢያገላብጡ።
ላዩ ላይ ግን አለ፣ በእርጥቡ የተጫነ፣
አንድ አውራ ጣት፣ ቀጭን፣ የሴት የሆነ።

ጣቴን አስገባሁበት። ልክ ነበር።

ኢላንጎ የተወለደው፣ አማቴ እንደምትለው፣
በተዳረች በሰባት ዓመቷ ነው።
ሰባት ዓመት ሸንጎ! ሰባት ዓመት «ወፍረሻል»!
ሴት ለትንሽ ዕረፍት ተርብም ትሆናለች፤ ምን ይደረጋል።

ኮቴ ሰማሁ። በሩ ላይ ቆማለች አላሜሉ፤
ዓይኖቿ ከፎቶው ጣቴ ላይ ዋሉ።
ምንም አልተናገረች። ወጣች። ተመለሰች።
የኩሽናውን ቢላ አቀበለችኝና እንዲህ አለች፦
«በደረቁ አትፋቂው፤ ቀለሙን ይልጣል።
በውኃ አርጥቢው ቀድመሽ፤ ራሱ ይለቃል።»

ፎቶውን ሰቀልነው፤ ያችን ቀይ አልነካን።
ማታ ማራገቢያው ዞረ፤ ነፋስ አግኝተን ተኛን።

ጧት በመስኮቱ መጣች፣ አፏ ላይ ያው ጭቃ፤
አማቴ ቀደመችኝ፣ ከእኔ በፊት ነቅታ።
በሳሪዋ ጫፍ ሸኘቻት፣ ሳትመታት፣ በቀስታ፦

«ሂጂ፣ ከላሞቹ በረት ጣራ ሥር ምረጊ፤
ልጄን» አለቻት፣ «ልጄን ምልክት አታድርጊ።»